የስኳር ሕመምተኛ ሆድ ሲነፋ ሁሌ «ጨጓራ» አይደለም

ወንድሜ፣ «ስኳር ያለበት ሰው ሆዱ ከተነፋ ጨጓራ ነው፤ አብሽና ያልተፈተገ የገብስ ቂጣ ያብዛ» ያልከው በቅንነት ነው። ግን ለሁሉም አይሆንም። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ጨጓራን የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ ሊጎዳው ይችላል። ያኔ ምግብ ቶሎ ወደ አንጀት አይወርድም። ሁለት ጉርሻ ያጠግባል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከሰዓታት በፊት የተበላው እንዳለ ይመለሳል። እንዲህ ላለው ሰው እንደ ገብሱ ቂጣ ያለ ፋይበር (አሰር) የበዛበት ምግብና ቅባት ሲበዛ ይብስበታል። አብሹም ቢሆን ምግብን ጨጓራ ውስጥ ያቆያል!

እኛ ሐዋሳዎች ደግሞ ዓሣ አለን። ሕመምተኛው ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሲሄድ የተጠበሰውን ትቶ ሾርባውን ቢጠጣ ይሻለዋል። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይብላ።

ኢንሱሊን የሚወጋ ከሆነማ ጉዳዩ ከበድ ይላል። መርፌው ሥራውን ይጀምራል፤ ምግቡ ግን ገና ጨጓራ ውስጥ ነው። ስለዚህ በልቶም ስኳሩ ይወርዳል፣ ቆይቶ ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። ሰዓቱንና መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል እንጂ በራሱ እንዳያቋርጥ። በነገራችን ላይ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ክኒንም ሆድ ሊነፋና ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ቀለል ይላል። ሆዱን የነፋው የትኛው እንደሆነ የሚለየው ምርመራ ነው።