ዕቁቡን በሙሉ ለትራኩ አትስጡ

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ደወለልኝ። እናቱን ከድሮ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ እዚህ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ አንድ ሰንበቴ ነን። ልጁ ሦስት ዓመት የኩባንያ ትራክ ነድቷል። ደስ እንዳለው ድምፁ ያስታውቃል።

«ጋሼ፣ ዕቁቤ ወጣልኝ! 35 ሺህ ዶላር። ትራክም አግኝቻለሁ። የ2013 ነው፣ 32 ሺህ ይሉታል። ልግዛው?»

ስለ ትራኩ ምንም አልጠየቅኩትም። «ከገዛኸው በኋላ ስንት ይተርፍሃል?» አልኩት።

«ሦስት ሺህ።»

«በል እንግዲያው ተወው።»

ዝም አለ። ቅር ብሎታል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ፤ ምክንያቱን በደንብ አላስረዳሁትም። ይህንኑ የሚጠይቁኝ ደግሞ ብዙ ናቸው። ከዳላስም፣ ከሲያትልም፣ ከሚኒያፖሊስም ይደውላሉ። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኔ አሮጌ ትራክ አትግዙ ባይ አይደለሁም። እንዲያውም ኦነር ኦፕሬተር፣ ማለትም የራሱን ትራክ ገዝቶ ራሱ የሚሠራበት ሹፌር፣ መሆን ለሚፈልግ ሰው ከሁሉም የሚሻለው መንገድ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። አዲስ ትራክ ከ150 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ሎድ (የሚጫን ዕቃ) ኖረም አልኖረም ባንኩ በየወሩ ገንዘቡን ይፈልጋል። በ2021 የሎድ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ያገለገለ ትራክ እንኳ እሳት ሆኖ ነበር። በ2022 መጀመሪያ በዚያ ዋጋ የገዙ ልጆችን አውቃለሁ። በዚያው ዓመት የሎዱ ዋጋ ቁልቁል ወረደ። ናፍጣው በጁን ወር በጋሎን ከ5 ዶላር ከ70 ሳንቲም አለፈ። ከነዚያ ልጆች ሁለቱ ትራካቸውን ባንክ ወስዶባቸው ወደ ኡበር ተመለሱ።

ሊዝ ፐርቸስ የሚሉት ደግሞ አለ። «ቅድሚያ ክፍያ የለም፣ እየነዳህ ክፈል፣ መጨረሻ ላይ ያንተ ይሆናል» ይሉሃል። ትራኩም የኩባንያው ነው፣ ሎድ የሚሰጥህም ኩባንያው ነው፣ ክፍያውን ከደመወዝህ የሚቆርጠውም እሱ ነው። ሎድ ሲያሳንስብህ ክፍያው ያቅትሃል። ከዚያ ትራኩን ይወስድና ለሚቀጥለው ሰው ይሰጠዋል። ይህ የኔ ምሬት ብቻ አይደለም። በ2021ዱ የመሠረተ ልማት ሕግ መሠረት የተቋቋመ ግብረ ኃይል ጉዳዩን መርምሮ በጃንዋሪ 2025 ሪፖርት አቅርቧል። ኮንግረሱ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ጨርሶ እንዲያግድ ነው የጠየቀው። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እባካችሁ ከዚህ ራቁ።

ስለዚህ አሮጌ ትራክ፣ በካሽ፣ ያለ ዕዳ። እዚህ ድረስ ልጁና እኔ አንድ ነን። የተለያየነው በአንድ ነገር ነው። እሱ ትራክ ማለት 32 ሺህ ዶላር ነው ብሏል። እኔ ደግሞ 32 ሺሁ የበሩ ዋጋ ነው እላለሁ። ቤቱ ገና አልተከፈለም።

ይህን ያወቅኩት በክፉ መንገድ ነው። በ2018 የመጀመሪያዬን ትራክ ስገዛ ያለኝን አራግፌ ነበር የሰጠሁት። ባንክ የቀረኝ 2 ሺህ 200 ዶላር ነበር። አራት ወር ያህል ጥሩ ሠራሁ። በጃንዋሪ ዋዮሚንግ ውስጥ በ80 ሀይዌይ ከላራሚ ወደ ሮሊንስ እየሄድኩ ነው። ያንን መንገድ የሚያውቅ ኤልክ ማውንቴን አካባቢ ነፋሱ ምን እንደሚመስል ያውቃል። መጀመሪያ ብጫ መብራት በራ። ትንሽ ቆይቶ ቀዩ። ፔዳሉን እረግጣለሁ፣ መኪናው አይሰማኝም። ፍጥነቱ እየወረደ እየወረደ በሰዓት 5 ማይል ላይ ቆመ። የጭስ ማጣሪያው ሲስተም ችግር ሲያገኝ ኮምፒዩተሩ ራሱ ነው እንዲህ አድርጎ የሚያስረው። በረዶው ከአስፋልቱ ላይ እንደ ጭስ ይበራል። ጠርዝ ይዤ አደጋ መብራት አበራሁ። ከኋላዬ የሚመጣ ትራክ ሁሉ ሲያልፍ ካቢኑን ያወዛውዘዋል። ሦስት ሰዓት ተኩል ጎታች ጠበቅኩ።

ለጎታቹ 1 ሺህ 900 ዶላር። ለጋራዡ 11 ሺህ 400። ሆቴል ዘጠኝ ቀን፤ መለዋወጫው ከሌላ ስቴት ነበር የሚመጣው። ሎዱን ሌላ ትራክ መጥቶ ወሰደው። ግማሹን በክሬዲት ካርድ፣ ግማሹን የባለቤቴ ወንድም አበድሮኝ ከፈልኩ። ያንን ዕዳ ለመክፈል ስል የማያዋጣ ሎድ ሁሉ ማንሳት ጀመርኩ። ጎማ መቀየር ሲገባኝ «አንድ ወር ይቆይ» አልኩ። ሥራው ጠብ ሲል ስደፍን ሆነ። በዓመቱ ትራኩን በርካሽ ሸጬ ወደ ኩባንያ ተመለስኩ። መኪናው መጥፎ አልነበረም። አሥራ አምስት ሺህ ዶላር ባንክ ቢኖረኝ ኖሮ ያ ብልሽት አንድ ክፉ ሳምንት ሆኖ ያልፍ ነበር። ሁለተኛውን ትራክ ከዚያም ያረጀ ገዛሁ፣ ግን ገንዘብ አስቀምጬ። ስድስት ዓመት ቤተሰቤን ያበላው እሱ ነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ በእጃችሁ ካለው ገንዘብ ለትራኩ ከግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። 35 ሺህ ያለው ሰው የ18 ወይም የ20 ሺህ ትራክ ይፈልግ። «በዚያ ዋጋ የሚገኘው ሚሊዮን ማይል የሄደ ነው» ትሉኛላችሁ። አዎ። ግን የ32 ሺሁም ቢሆን ጎማ ይፈልጋል፣ ፍሬን ይፈልጋል፣ ቱርቦው ይሄዳል። ሞተር ተፈቶ ፒስተንና ካሚሻ ይቀየር ከተባለ በቀላሉ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ነው። የትኛው ትራክ መቼ እንደሚቆም አይታወቅም። የሚታወቀው ሁሉም አንድ ቀን እንደሚቆም ነው።

ደግሞ ከብልሽቱ በፊት የሚወጣው አለ። በራሴ ኦቶሪቲ፣ ማለትም በራሴ ስም በወጣ የማጓጓዝ ፈቃድ፣ ልሥራ ካልክ ማመልከቻው 300 ዶላር ነው፤ ይህስ ቀላል ነው። ለከባድ ትራክ የፌዴራል መንገድ ግብሩ በዓመት 550 ዶላር ነው። ሰሌዳው አለ። ጉዱ ያለው ኢንሹራንሱ ላይ ነው። ሕጉ ቢያንስ የ750 ሺህ ዶላር ሽፋን ይላል፤ ሎድ የሚያገናኙት ብሮከሮች ግን አንድ ሚሊዮንና ለዕቃው ደግሞ መቶ ሺህ ካላዩ አያናግሩህም። ለአዲስ ኦቶሪቲ ይህ በዓመት ብዙ ጊዜ ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ይመጣል። ከፍለህም ብዙ ብሮከር «ኦቶሪቲህ ሦስት ወር ይሙላው» ይልሃል። ሎድ ብታገኝም ክፍያው ሠላሳ ቀን ሊቆይ ይችላል። ናፍጣው ግን ዛሬ ነው የሚከፈለው። ሁለቱን ታንክ ሞልተህ ስትወጣ ስምንት መቶና ዘጠኝ መቶ ዶላር መሄዱን ታየዋለህ። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ዓመት በሌላ ሰው ኦቶሪቲ ሥር ግቡ የምለው። ከሎዱ ሩብ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይቆርጡባችኋል፣ ያማል፤ ግን ኢንሹራንሱን እነሱ ይሸከማሉ፣ ጥሪታችሁም ሳይነካ ይቆያል።

አሁን ወደ ትራኩ ልምጣ። አባቴ ጋር ቡና ይጠጡ የነበሩ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ አሰብ መንገድ ላይ ፊያት የነዱ። «መኪና ሊሸጥልህ ሲል መጀመሪያ ሞተሩን ዳብሰው» ይሉ ነበር። ሻጩ ቀድሞ አስነስቶ ካሞቀው የሚደብቀው ነገር አለ ማለት ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ነው እውነቱን የሚናገረው፤ ነጭ ጭሱም፣ ማንኳኳቱም ያኔ ነው የሚወጣው። ከተነሳ በኋላ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቱትና ገልብጣችሁ ቀዳዳው ላይ አስቀምጡት። ዝም ብሎ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ደህና ነው። እየተፈናጠረ ከወደቀ ወይም ጭስ እንደ ድስት ከተንቦገቦገ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፣ ግፊቱ ወደ ታች እየወረደ ነው። ደህና ሁን ብላችሁ ሂዱ።

ከዚያ ለዘይት ምርመራ ናሙና ውሰዱ። አርባ ዶላር ገደማ ቢያስወጣ ነው፤ ውጤቱ በጥቂት ቀን ይመጣል። ዘይቱ ውስጥ የራዲያተር ውሃ ካለ ያሳያል፣ ኩሽኔታ እየተበላ ከሆነ ያሳያል። የሞተሩን ኮምፒዩተርም አስነብቡ። ማይሉን ብቻ አትዩ፤ ቆሞ ስንት ሺህ ሰዓት እንደሠራም ይነግራችኋል። ቆሞ ያደረ ሞተርም ሞተር ነው፣ ያረጃል። ይህን ሁሉ የሚሠራላችሁ መካኒክ ሻጩን የማያውቅ ይሁን። እዚህ ላይ የኛ ሰው ይሉኝታ ይጎዳዋል። «ያገሬ ልጅ ነው የሚሸጥልኝ፣ እንዴት አላመንኩህም እለዋለሁ?» ይላል። አለማመን አይደለም። ያገር ልጅም ቢሆን የሞተሩን ሆድ ገብቶ አላየውም።

ብዙ ሰው የሚሸወድበት ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ሞተሩ ከ2010 በታች የሆነ ከባድ ትራክ እንዳይሠራ ከልክላለች። ልብ በሉ፣ ያልኩት ሞተሩ ነው። የ2010 ትራክ፣ አንዳንዴ የ2011ም፣ ውስጡ የ2009 ሞተር ይዞ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ባትሪ ይዛችሁ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ራሳችሁ አንብቡ። እዚያ ላይ ያለው ዓመት ነው የሚቆጠረው። ሪፈር (ማቀዝቀዣ ያለው ተጎታች) ይዞ አትክልትና ፍራፍሬ ለመጫን ያሰበ ሰው ካሊፎርኒያ ካልገባ ሥራው ግማሽ ነው።

በዋጋ በጣም ረክሰው ከምታዩዋቸው መካከል ከ2011 እስከ 2014 የተሠሩ፣ ማክስፎርስ የሚባል ሞተር ያላቸው አሉ። በነዚህ ሞተሮች የተነሳ በ2019 የ135 ሚሊዮን ዶላር የፍርድ ቤት ስምምነት ተደርጓል። የረከሱት ያለ ምክንያት አይደለም። የጭስ ማጣሪያው ተነቅሎ «ዲሊት ተደርጓል፣ አያስቸግርህም» የሚባለውንም አትንኩ። በዋዮሚንግ በረዶ ላይ ያ ማጣሪያ ያሰቃየኝ ሰው ነኝ፤ ፈተናው ይገባኛል። ግን የፌዴራሉን የአየር ብክለት ሕግ መጣስ ነው፣ ለናንተም ለልጆቻችሁም ሳንባ ጥሩ አይደለም።

የናፍጣውንም ሒሳብ አስሉት። በዓመት መቶ ሺህ ማይል ብትነዱ፣ በጋሎን 6 ማይል የሚሄድ ትራክና 7 የሚሄድ ትራክ ልዩነታቸው 2 ሺህ 380 ጋሎን ገደማ ነው። ናፍጣ 4 ዶላር ቢሆን ወደ 9 ሺህ 500 ዶላር። ስለዚህ የሞተሩ ፍጆታ ከቀለሙና ከክሮሙ ይልቅ ያሳስባችሁ።

ወደ ዕቁቡ ልመለስ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው። ዕቁብ ባይኖር አብዛኞቻችን የትራክ ጎማ እንኳ አንገዛም ነበር። ክሬዲታችንን ሳይጠይቅ፣ ወለድ ሳይወስድ፣ በቃል ብቻ ሰው ያቆማል። ግን ዕጣው ሲወጣ በአንድ ጊዜ እጃችን ላይ ያለው ገንዘብ ብዙ ይመስለናል፣ በሳምንቱ ትራክ ፊት ለፊት ፎቶ ተነስተናል። የዕቁቡ ክፍያ ደግሞ ገና እስከ መጨረሻው ዙር ይቀጥላል። ትራኩ ጋራዥ ቢገባም ዳኛው ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠብቃል። ስለዚህ የምትችሉ ሁለት ዕጣ ግቡ፤ አንዱ ለትራኩ፣ ኋላ የሚወጣው ለጥገናው። እዚህ ዴንቨር አካባቢ አሥራ ሁለት ሆነን የጀመርነው ነገርም አለ። በየወሩ መቶ ሃምሳ ዶላር እናዋጣለን። ከመካከላችን አንዱ መንገድ ላይ ሲቆም ለጎታቹና ለመጀመሪያው የጋራዥ ክፍያ ከዚያ ይወጣል፣ ሲሠራ ይመልሳል። እድር ነው በሉት። በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ሰው አውጥቷል። በየከተማው ያላችሁ ሹፌሮች ብትሞክሩት ደስ ይለኛል።

ልጁ ከሦስት ቀን በኋላ መልሶ ደወለ። 32 ሺሁን ትራክ አብረን ሄደን አየነው። ስንደርስ ማለዳ ነው፣ ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ ሞተሩን ስዳብሰው ግን ትኩስ ነበር። ለማንኛውም ናሙና ወሰድን። ውጤቱ ሐሙስ መጣ፤ ዘይቱ ውስጥ የራዲያተር ውሃ አለ። ገንዘቡ አሁንም ባንክ ነው። ፑብሎ አንድ የ2012 አግኝቷል፣ 19 ሺህ ይላሉ። ቅዳሜ ልናየው እንሄዳለን። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ እንነሳለን፣ ሻጩ ሳያሞቀው እንድንደርስ።