ለላሽ የመጣው መድኃኒት ለሁሉም አይሆንም
ጽሑፋችሁ "አዲሶቹ መድኃኒቶች የፀጉር መርገፍን ታሪክ ሊያደርጉት ነው" የሚለው ላይ ፈጥናችኋል ባይ ነኝ፣ ተስፋው እኔንም ደስ ይለኛል ግን እነ ባሪሲቲኒብ (በ2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የፀደቀው) ለከባድ ላሽ ነው፣ ማለትም የሰውነት መከላከያው ራሱ የፀጉሩን ስር ሲያጠቃ፣ በዘር ለሚመጣ ራሰ በራ አይደለም። ደብረ ብርሃን ፀጉር ቤት ነው የምሰራው፣ ደንበኞቼ ሚኖክሲዲል (ራስ ላይ የሚቀባ የፀጉር ማብቀያ) ይገዙና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭራሽ ሲረግፍባቸው ደንግጠው ይተዉታል፣ እሱ እኮ ያለ ነገር ነው፣ ውጤቱ ወራት ይፈልጋል፣ ካቆሙት ደግሞ የበቀለው ተመልሶ ይሄዳል። ከላይ አስተያየት መስጫው ላይ የልጅሽ ፀጉር መሳሳቱን የፃፍሽው እህቴ፣ ግንባሯ ዳርና ጆሮዋ አካባቢ ብቻ ከሳሳ መጀመሪያ ሹሩባውን ተይላት፣ እኔ ስፈታ የማየው ነው፣ አጥብቀው የተሰሩት ልጆች ግንባራቸው ዳር ብጉር የመሰለ ነገር ተደርድሮ ሲነኩት ያማቸዋል። ሹሩባው በጊዜ ከላላ ፀጉሩ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ብዙ አይቻለሁ። ቆዳው ልሙጥ ሆኖ ማብለጭለጭ ከጀመረ ግን ቅባት እየቀያየርሽ ብርሽን አትጨርሺ፣ ቶሎ የቆዳ ሐኪም ጋ ውሰጃት የኔ እናት።