ጎልፍ ወይም ተመሳሳይ

እስቲ ዛሬ ልተንፍሰው። አንጀቴ አሯል።

ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ሁለት ወር ሙሉ ስዘጋጅ ከረምኩ። ሁለት ወር! ሰው በዚህ ጊዜ ሰርግ ደግሶ ቅልቅሉንም ይጨርሳል። እኛ ያልነው ደግሞ ትንሽ ነገር ነው። አምስት ሆነን ከሙኒክ መኪና እንከራይ፣ ኦስትሪያን አቋርጠን ሰሜን ጣሊያን ዶሎሚቲ ተራሮች ጋ እንውረድ፣ ጥቂት ቀን በእግር እንሂድ፣ እንመለስ። መንገዱ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ደርሶ እንደመቆም ያህል ነው።

ነገሩን የጀመረችው የአክስቴ ልጅ ናት። ከአዲስ አበባ ጀርመን ድረስ ልትጠይቀኝ መጥታ ትሬ ቺሜ የሚባሉትን ሦስት ቋጥኞች ስልኳ ላይ አየች። «ወንድምዓለም፣ እዚህ ካልወሰድከኝ መምጣቴ ምን ዋጋ አለው?» አለች። እኔም አፌን ሞልቼ «ቀላል ነው» አልኩ። ያቺን ቃል ብመልሳት ደስ ይለኛል።

መኪናው ድረ ገጹ ላይ በትልቁ 189 ዩሮ ይላል፣ ለሳምንት። ሥሩ በትንሹ «ጎልፍ ወይም ተመሳሳይ» ይላል። ደስ ብሎኝ ገባሁ። መኪናው ማንዋል ነው። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ስምንት ዓመት ማርሽ ስቀይር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የመገናኛን መጨናነቅ በፍሪሲዮን የተሻገርኩ። ግን የሀገር ቤት መንጃ ፈቃድ ጀርመን ውስጥ ከኖርክ ስድስት ወር ነው የሚሠራው። ከዚያ የጽሑፍም የመንዳትም ፈተና እንደ አዲስ ትቀመጣለህ። የትምህርቱ ዋጋ አስደንግጦኝ ቶሎ ልገላገል ብዬ በአውቶማቲክ ተፈተንኩ። ካርዴ ላይ 78 የምትባል ቁጥር ጻፉብኝ። ትርጉሟ «ይህ ሰው ማርሽ እንዳይነካ» ነው። የእኔ እጅ!

እሺ፣ አውቶማቲክ። 310 ሆነ። ሁለተኛ ሹፌር ሲጨመር ሌላ። ድንበር ለመሻገር ሌላ። መኪናው ጣሊያን መግባት ይፈቀድለት እንደሆነ ለማወቅ በጉንዳን ፊደል በተጻፈ ውል ውስጥ ስዳክር አመሸሁ። ኢንሹራንሱ «ሙሉ» ይባላል፣ ግን አንድ ነገር ከደረሰ የመጀመሪያው 1200 ዩሮ ከኔ ኪስ ነው። ያንን የሚያስቀር ሌላ ኢንሹራንስ አለ፤ እሱም ጎማ፣ መስታወትና የመኪናውን ሆድ አይጨምርም። ተራራ መንገድ ላይ ታዲያ ምኑ ሊመታ ነው? ጣራው?

ከዚያ ካርድ። ማስያዣው የሚያዘው በክሬዲት ካርድ ብቻ ነው፣ ካርዱም በሹፌሩ ስም መሆን አለበት። እኛ ቡድን ውስጥ ካርድ ያለው መንጃ ፈቃድ የለውም፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ካርድ የለውም። እኔ ለዚሁ ብዬ ካርድ አመለከትኩ። ሦስት ሳምንት ጠብቄ መጣልኝ። ጣሪያው 500 ዩሮ ነው። ማስያዣው 800። ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ባንኩን ለምኜ አስጨመርኩ።

መኪና ያዝኩ ብላችሁ እንዳታርፉ። የኦስትሪያን አውራ ጎዳና ለመርገጥ ቪኜት የሚሉትን የመንገድ ክፍያ ፈቃድ መግዛት አለ። የ10 ቀኑ እንደ ፈረንጆቹ በ2025 ዋጋ 12.40 ዩሮ ነበር፣ ገንዘቡ አይደለም ያናደደኝ። ዲጂታሉ ቪኜት የሚገዛው በታርጋ ቁጥር ነው። የኪራይ መኪና ታርጋ ደግሞ የምታውቀው ቁልፉን ሲሰጡህ ነው። እና አስቀድሜ ልጨርስ ብዬ ሌሊት ኮምፒውተር ፊት የተቀመጥኩት ሰውዬ «ታርጋዎን ያስገቡ» የሚል ሳጥን ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። ምን ላስገባ? «ጎልፍ ወይም ተመሳሳይ» ልበለው? አማራጩ ነዳጅ ማደያ ጎራ ብሎ የሚለጠፈውን መግዛት ነው፣ ወይ ፓርኪንግ ውስጥ ሻንጣ እየተጫነ በስልክ መነካካት።

ቪኜቱን ከፍሎ ከኢንስብሩክ ወደ ጣሊያን ድንበር፣ ወደ ብሬነር ለሚወጣ ሌላ ክፍያ አለ፣ በ2025 12 ዩሮ ነበር፣ ለመሄጃ ብቻ። እዚያው መንገድ ላይ ያለው የሉዌግ ድልድይ ስላረጀ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በአብዛኛው በየአቅጣጫው በአንድ መስመር ነው የሚያሳልፈው። እኛ የምንነሳው ነሐሴ ላይ፣ ቅዳሜ። ግማሽ ጀርመን ባሕር ሊነከር በሚወርድበት ቀን። «በመንደር በመንደር እንለፍ» አለ ወዳጄ። አይቻልም። በዚህ ወቅት ቅዳሜና እሁድ ለአላፊ መኪና የቲሮል፣ ማለትም የዚያ የኦስትሪያ ክልል፣ የውስጥ መንገዶች ይዘጋሉ፤ ፖሊስ ቆሞ ይመልስሃል። የመንደሩ ሰው በራሱ ደጅ መውጫ አጥቶ ስለነበር አልፈርድባቸውም። ግን አማራጬን ሁሉ አንድ በአንድ ሲዘጉብኝ መናደድ መብቴ ነው።

አሁን ወደ ትሬ ቺሜ። እግረኛው የሚነሳበት አውሮንዞ የሚባል ማረፊያ አለ። እዚያ ድረስ በመኪና የሚያወጣው መንገድ የክፍያ ነው። ለዓመታት 30 ዩሮ ነበር። በ2025 ክረምት 40 አደረጉትና አስቀድሞ በኢንተርኔት ቦታ መያዝም ግዴታ ሆነ። ሰዓት ስንመርጥ የአክስቴ ልጅ «በኛ ነው በነሱ?» አለች። በነሱ ስላት ጭራሽ ተምታታባት፣ ሌሊት 9 ሰዓት ተራራ ልንወጣ መስሏት ነበር።

እናቴ ደውላ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ቤቷ ሽሮ ሜዳ ነው። ዝም ብላ ሰማችኝና «ከፍታው ስንት ነው?» አለች። አውሮንዞ 2320 ሜትር ነው። እናቴ ጓሮ ላይ ጎመን የምትቀጥፍበት ቦታ ከዚያ በላይ ነው! ከሦስቱ ቋጥኞች ትልቁ ራሱ 2999 ሜትር ነው። የእንጦጦ አናት ይበልጠዋል፣ እዚያ ላይ እናቶች እንጨት ተሸክመው ይወርዳሉ። እኛ ልክ ወደ አዲስ አበባ ከፍታ ለመውጣት 40 ዩሮ ልንከፍል ነው። «በል ተወው ልጄ፣ ቀልድህን ነው» ብላ ዘጋችው። አላመነችኝም።

ቋጥኞቹ ግን ያምራሉ። ያምራሉ! ሐሰት አልናገርም። በፎቶ ብቻ አይቼ እንኳን ንዴቴ ይበርዳል። ችግሩ ይህን የሚያውቀው መላው ዓለም መሆኑ ነው። ብራየስ ሐይቅን እንይ ብለን ነበር፤ ከጁላይ 10 እስከ ሴፕቴምበር 10 ድረስ፣ በቀን ሰዓት፣ ያለ ቀጠሮ መኪና አያስገቡም። ሴቼዳ የሚባለው ተራራ ላይ ደግሞ በ2025 ክረምት የመሬቱ ባለቤቶች የብረት ማዞሪያ በር ተክለው ከጎብኚ 5 ዩሮ መቀበል ጀመሩ ተባለ። ገበሬዎቹን አደነቅኳቸው። ሣራቸውን ረግጦ ፎቶ ተነስቶ ለሚሄድ ሰው እኔም በር እተክል ነበር።

ማደሪያውስ? ተራራ ላይ ያሉትን ማረፊያዎች ሰው በጥር ይዞ ጨርሷል። የቀረልን አንድ ሌሊት ነው፣ እሱም ሰው በተርታ በሚተኛበት የጋራ ክፍል። አንሶላ ሆኖ የሚያገለግል የጨርቅ ከረጢት ይዛችሁ ኑ አሉን። የቀሩትን ሌሊቶች ታች ዶቢያኮ ከተማ ያዝን። በዚያ ላይ ነሐሴ 9 ፈረንጆቹ ኦገስት 15 የሚሉት ነው። ጣሊያን በሙሉ ፌራጎስቶ ብሎ ሥራ ዘግቶ የሚወጣበት ቀን። የኛ ሳምንት ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ሌላም ነገር ቁጭ ብሏል። ፍልሰታ። ከመካከላችን አንዱ አጥብቆ ጿሚ ነው፤ ይህን ያስታወሰን ሁሉም ነገር ከተከፈለ በኋላ ነው። ለማረፊያው ጻፍኩ። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ የማይበላ እንግዳ አለን አልኩ። ቶሎ መለሱ፣ ትሑት ሰዎች ናቸው። «ችግር የለም፣ ሥጋ ለማይበሉ ካኔደርሊ አለን» አሉ። ካኔደርሊ ማለት ያደረ ዳቦ በወተትና በእንቁላል ተለውሶ የተድቦለቦለ ነው። ለኛ ያሉት ደግሞ ከአይብ ጋር። ወዳጄን ጠራሁትና አነበብኩለት። «በሶ እይዛለሁ» አለ። ለካ ቀድሞውኑ አንድ ኪሎ በሶ አስልኮ ነበር፣ በአክስቴ ልጅ ሻንጣ መጥቷል። ከሁላችን የተረጋጋው እሱ ነው።

የቴሌግራም ግሩፓችንን አላነሳሁም። ባላነሳው ይሻላል። ስንት ጥያቄ ጽፌ የማገኘው አውራ ጣት ብቻ ነው። «ቅዳሜ ጠዋት ይሁን ዓርብ ማታ?» ስል አውራ ጣት ይመጣል። የቱ ነው አውራ ጣቱ?

ትናንት ማታ ሁለት ነገር ሆነ። መጀመሪያ የኪራይ ድርጅቱ ኢሜይል ላከ። የያዙት ዓይነት መኪና ሊጎድል ስለሚችል «ተመሳሳይ» ሊሰጥዎ ይችላል ይላል። አምስት ሰው፣ አምስት የጀርባ ሻንጣ፣ አንድ ኪሎ በሶ። አውቶማቲክ መሆኑ ይጠበቃል ወይ ብዬ ደወልኩ። ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ አስደመጡኝ። ከዚያ አንዲት ልጅ «ብዙውን ጊዜ አዎ» አለችኝ። ብዙውን ጊዜ!

ሁለተኛው ይብሳል። የዶቢያኮዋ አከራይ መልካም አቀባበል የሚል ወረቀት ላከችልን። ለሚያድሩ እንግዶች ካርድ እንሰጣለን፣ ዶቢያኮ ባለችበት የጣሊያን ክልል፣ በደቡብ ቲሮል ውስጥ በባቡርና በአውቶቡስ በነፃ ትሄዳላችሁ ይላል። ከሙኒክም መንገድ ላይ ባቡር ቀይሮ ዶቢያኮ መግባት ይቻላል። ባቡር ቪኜት አይገዛም። ባቡር ማንዋል ይሁን አውቶማቲክ ማንም አይጠይቅህም።

መኪናው የተከፈለው በማይመለስ ዋጋ ነው። 20 ዩሮ ስለሚረክስ ያንን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ማንንም አልወቅስም።

የአክስቴ ልጅ ወረቀቱን አንብባ ግሩፑ ላይ «ታዲያ መኪናው ለምንድን ነው?» ብላ ጻፈች። ሦስቱም አውራ ጣት ሰጧት። እኔ እስካሁን አልመለስኩም።