ለምርቃቱ ምን ይለበስ?

ባለፈው ግንቦት የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ተመረቀ። አካዳሚው ያለው አናፖሊስ ነው፤ እኛ ሐበሾች ከምንርመሰመስበት ሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ቤተሰቡ ግን ወሩን ሙሉ በአንድ ጥያቄ ሲታመስ ከረመ፦ ምን ይለበስ?

ልጁ አስቀድሞ ለእናቱ በስልክ ጽፎላታል። ተረከዙ ቀጭን ጫማ ይቅር፤ የሰልፉ ትርኢት ሣር ላይ ነው። ኮፍያ አትርሱ፤ ፀሐዩ አይቻልም። ቦርሳ ውስጡን የሚያሳይ ፕላስቲክ ካልሆነ ስታዲየሙ በር ላይ ይመለሳል። የወላጅ አለባበስ እንዲህ በመመሪያ ሲወርድ እህቴ ገርሟት «እኔንም መለመሉኝ እንዴ?» አለች። የከነከናት ግን ሌላ ነበር፦ የሐበሻ ቀሚስ ብለብስ ፈረንጅ ምን ይላል?

ባሏ ማንንም አላማከረም። ጥቁር ሱፉን ከነክራቫቱ አውጥቶ ሰቀለ። በዚህ ሙቀት ሸሚዝ ይበቃሃል ብንለው «መኮንን ሲመረቅ በሸሚዝ አይኬድም» ብሎ ዘጋን። በደርግ ጊዜ እሱም መቶ አለቃ ነበር። ሲመረቅ ከዘመዶቹ አንድም ሰው አልተገኘም፤ እናቱ ጎጃም ሆና ከሁለት ወር በኋላ በደብዳቤ ነው የሰማችው። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ደግሞ ዩኒፎርሙን እናታችን ጓሮ ቆፍራ ቀበረችው፤ ፎቶውን ምድጃ በላው።

ስለ ሐረር ጦር አካዳሚ ስንት ወሬ ሰምቼ ነው ያደግኩት። ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ የሕንድ መኮንኖች እንዳሠለጠኑበት፣ ንጉሡ ራሳቸው እንደሚመርቁ። የተመራቂው እናት ምን ለብሳ እንደመጣች ግን ያወራኝ የለም። ያልተጠራ ሰው ምን ልልበስ ብሎ አይጨነቅም። ዩኒቨርሲቲ ሲሆንማ ሌላ ነው፤ ስድስት ኪሎ በር ላይ ነጭ በነጭ ለብሳ አበባ ይዛ የምትጠብቅን እናት ማን መመሪያ ይሰጣታል?

የሰልፉ ዕለት እህቴ የልጇን ምክር ትታ ባለተረከዝ አደረገች። ዎርደን ፊልድ በሚባለው ሜዳ ላይ ጫማዋ እንደ ካስማ እየተተከለ፣ ግማሹን መንገድ እኔ እየነቀልኳት ነው የደረሰችው። ለምርቃቱ ግን ብልሃት አገኘች፤ ከረጅሙ የሐበሻ ቀሚስ ሥር ስኒከር። ፕላስቲኩ ቦርሳ ውስጥ ቁልፍ፣ ሶፍት፣ መቁጠሪያና አንድ እፍኝ ቆሎ ይታያል። ጓዳዋ አደባባይ ወጣ።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ፀሐዩ አናት መብሳት ጀመረ። ዙሪያችንን ያሉት ሴቶች አበባ አበባ ቀሚስና ሰፌድ የሚያህል ኮፍያ አድርገዋል። እህቴ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣል ስታደርግ ጥለቱ ወደ ላይ ዞረ። ይህን ጊዜ ከኋላችን አንዲት የማናውቃት ሴት እጇን ሰድዳ «የኔ እናት፣ ልቅሶ ቤት ነው እንዴ?» ብላ አዙራ አለበሰቻት። ለካ የእሷም ልጅ ተመራቂ ነው። ፈረንጅ ምን ይላል የሚለው ጭንቀት እዚያው ቀረ፤ ሐበሻ ምን ይላል የሚለው ተተካ።

በመጨረሻ ቆቦቹ ወደ ሰማይ ተወረወሩ። ልማዱ እዚሁ አካዳሚ በ1912 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። ከዚያ በፊት ተመራቂው ሁለት ዓመት ባሕር ላይ ሳያገለግል መኮንን ስለማይሆን ቆቡ ያስፈልገው ነበር። አሁን የወደቀውን ሕፃናት ይሻሙበታል።

ቀጥሎ ወላጆች የልጃቸውን አዲስ ማዕረግ ትከሻው ላይ ያደርጉለታል። እህቴ በቀኝ፣ ባሏ በግራ ቆሙ። እሷ እንባና ላብ ተደባልቆባት ማዕረጉን ገልብጣ ልትገጥም ትታገላለች። እሱ የራሱን ጨርሶ ነበርና እጇን ያዝ አደረገ።

«ቁልፉ ወደ አንገት ነው» አላት ቀስ ብሎ።

ሠላሳ ምናምን ዓመት ማዕረግ ያልነካ እጅ ነው። አዙሮ ገጠመላት፣ በአውራ ጣቱ ጠረግ አደረገው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ አየው። ኮቱን ያወለቀው ከዚያ በኋላ ነው።