ባትሪው አይደለም አልኩ እኮ!

አሁንስ በዛ! አዲሱ የመኪናዬ ባትሪ ዛሬ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። አዲሱ! ኤሌክትሪሻኑ «ባትሪው ነው» ብሎኝ የወር ደመወዜን የሚያክል ብር ያወጣሁበት። መኪናዋ ቅዳሜና እሁድ ቆማ ነበር የዋለችው። እማዬ የሐኪም ቀጠሮ አላት፣ ልጆቹ ዩኒፎርም ለብሰው ገብተዋል፣ ቁልፉን ሳዞረው ቃ ቃ ቃ ብቻ። አውቶማቲክ መኪና ደግሞ ተገፍታ አትነሳም። መንገደኛው ሁሉ ግን «እንግፋልሽ?» ይላል፣ እግዜር ይስጣቸው። አንድ የታክሲ ሹፌር ካቦ አውጥቶ አስነሳልኝ፣ ብር ስሰጠውም እምቢ አለ። እማዬ ግን ቀድማ በባጃጅ ሄዳለች፣ በዛ ጉልበቷ። ደርሳም ተራዋ አልፎ ነበር።

ሞተሩን ሳላጠፋ ባትሪውን የሸጠልኝ ኤሌክትሪሻን ጋ ሄድኩ። አዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ ብትጠፋብኝስ እያልኩ ነው የተሻገርኩት። ትልቁ ልጄ አብሮኝ ነበር።

«ዲናሞው ነው» አለኝ፣ ባትሪውን የሚሞላውን ማለቱ ነው። ኮፈኑን ገና አልከፈተም!

«ወንድሜ፣ ባለፈው ባትሪው ነው ብለህ ነበር እኮ።»

«አሁን ደግሞ ዲናሞው ነው።»

«እሺ ለካው። ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካሳየ ደህና ነው።»

ሳቀ። ሠራተኞቹም ሳቁ። ከዚያ እኔን ትቶ ወደ ልጄ ዞረ። «ጎረምሳው፣ ለአባትህ ንገረው፣ ከሱ ጋር እንነጋገራለን።»

8ኛ ክፍል ነው ልጁ! የምነዳት እኔ፣ የምከፍለው እኔ፣ ቮልቱን የጠራሁት እኔ፣ የሚያናግረው ግን ልጄን። ልጄ መሬት መሬት ያያል። ይኼ ነው ያንገበገበኝ። ባለፈው ነዳጅ ሰልፍ ላይ ስትጠፋብኝም ከኋላ ክላክስ እየነፉ «ሴት ሹፌር!» ሲሉኝ ነበር። ባትሪ የሚሞተው በጾታ ነው እንዴ?

ሌላው ደግሞ «የባሕር ዳር ሙቀት ነው» ይላል። ሙቀት ባትሪ ያስረጃል፣ እውነት ነው። አዲስ ባትሪን ግን በሁለት ቀን ባዶ አያደርግም።

ከሰዓት ጎረቤታችን ያለው የፖሊ ቴክኒክ ተማሪ ቴስተሩን ይዞ መጣ። የኔጌቲቩን ገመድ ፈታ፣ ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጎ በገመዱና በባትሪው መካከል አስገባው። በሮቹን ሁሉ ዘጋን፣ ቁልፉም ከመኪናዋ ውጪ። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን፣ ምክንያቱም የመኪናዋ ኮምፒውተሮች እስኪተኙ ድረስ ንባቡ ያሳስታል። (በዚህ መሃል ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክሩ፣ ቴስተሩ ይቃጠላል።) ደህና መኪና ጠፍታ ቆማ ከባትሪው የምትስበው ከ0.05 አምፔር በታች ነው። የኛዋ 0.9! በቀን ከ21 አምፔር ሰዓት በላይ ማለት ነው። 60 አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ ሦስት ቀን አይሞላም፣ አለቀ። ዲናሞው? 14.2 ቮልት፣ ምንም አልሆነም።

ከዚያ ፊውዞቹን በየተራ ነቀለ። የውስጥ መብራቱ ፊውዝ ሲወጣ 0.03 ላይ ወረደ። ሽቦውን ተከትሎ ሲሄድ ተንሸራታቹ በር ጋ ደረሰ። ሌላ ጋራዥ የገጠመልኝ አላርም፣ ሽቦው ከመብራቱ ሽቦ ጋር ተጠምዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሏል። አላርሙን ነቅሎ ፊውዙን መለሰው፣ አሁንም 0.03። አንድ ከሰዓት የማይሞላ ሥራ! ያውም በተማሪ፣ ያውም በነጻ።

አሮጌው ባትሪዬስ? ኤሌክትሪሻኑ «ለአንቺ ምን ያደርግልሻል» ብሎ እዚያው አስቀርቶታል። አዲሱም ቢሆን እንዲህ ተሟጦ ማደሩ ዕድሜውን ይበላዋል። ደወልኩለት። «የተገጠመ ባትሪ አይመለስም» ብሎ ዘጋብኝ።

እስቲ ከመሸጡ በፊት የሚለካ ኤሌክትሪሻን የምታውቁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የዚያ የአላርም ሽቦ በደንብ መሠራት አለበት። «ባልሽን ጥሪ» የማይል ከሆነ እስከ መራዊም ቢሆን እሄዳለሁ።