ደረቅ ቦታ የት ነው?

አራተኛው ሙከራዬም ተበላሸ! እናቴ ቆማ ስትውል እግሯ ያብጥባታል፤ ማታ ሳፋ ውስጥ ስትዘፈዝፈው እንደ አምቦ ውኃ የሚፍለቀለቅ ኳስ ልሠራላት ነበር።

መጀመሪያ ባለሱቁን ቤኪንግ ሶዳ ብለው ቤኪንግ ፓውደር ሰጠኝ። ሁለቱ አንድ አይደሉም! ፓውደሩ ውስጥ አሲድና ስታርች አስቀድሞ ተቀላቅሏል። ቀጥሎ ትክክለኛውን ሶዳ አግኝቼ ሎሚን ከሚያኮመጥጠው ከሲትሪክ አሲድ ዱቄት ጋር 2 ለ 1 ቀላቀልሁ፤ ማያያዣ እንዲሆን ውኃ ጠብ ባደርግበት እዚያው ጎድጓዳ ሳህኑ ላይ ፈላ። ለሳፋው የታሰበው ጋዝ ሁሉ እጄ ላይ አለቀ። ሦስተኛው ሲደርቅ ፈረሰ።

ትናንት ግን በዘይት ብቻ አሸሁት። እፍኜን ጨብጬ ስከፍት ቅርጹን ያዘ፤ ደስታዬን አልችለውም ነበር። ሌሊቱን ዝናብ ጣለ። ጠዋት ባየው ሆዱ ተነፍቷል፣ ገላው እንደ ብጉር ጉብ ጉብ ብሏል፣ መሐሉ ተሰንጥቋል። እርጥበቱ አድሮ ሲያፈላው ነበር።

አሠራሩን የሚያስተምሩት ሁሉ «ደረቅ ቦታ አስቀምጡ» ብለው ያልፋሉ። በክረምት፣ ሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ላለ ቤት ደረቅ ቦታ የት ነው? ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ያስፈልጋል ብሎ አንድ ሰው እንኳ አይናገርም? አንድ ኪሎ ሙሉ ሲትሪክ አሲድ አቃጠልሁ እኮ!

እናቴ ዛሬም እግሯን በጨው ውኃ ዘፈዘፈች።