አደራ ያጎደለ ሠራተኛ ካሳ ተከፍሎት ሲሸኝ

እኔ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝበት ኮሌጅ ፓርክ ቅርብ ነው፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እዚህ አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ብዙዎቻችን ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ፣ የእህት ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ አለን። የጆርዳን ማክኔር ነገር ይህን ያህል ዓመት አልፎትም ከልቤ ያልወጣው ለዚህ ነው።

ጆርዳን የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ተጫዋች ነበር፤ ገና የ19 ዓመት ልጅ። እ.ኤ.አ. ሜይ 29 ቀን 2018 ከሰዓት በኋላ ልምምዱ 110 ያርድ፣ ማለትም 100 ሜትር ያህል፣ አሥር ጊዜ መሮጥ ነበር። ልጁ መሐል ላይ አቃተው። ቀጥ ብሎ መቆም ተሳነው፤ ጓደኞቹ ደጋግፈው አስጨረሱት። ሰውነቱ ከልክ በላይ ግሎ ነበር፤ ሐኪሞች ሂት ስትሮክ የሚሉት ነው። የዚህ ሕመም መፍትሔ የታወቀ ነው፣ ውድም አይደለም፤ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ቶሎ መንከር፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ ሆስፒታል መውሰድ። ጆርዳን አልተነከረም። ትኩሳቱ እንኳ አልተለካም። ዩኒቨርሲቲው ከውጭ ያስመጣው አጣሪ እንዳረጋገጠው፣ ምልክቱ ከታየበት ጊዜ አንስቶ ወደ አስቸኳይ እርዳታ ቁጥሩ 911 እስኪደወል ከአንድ ሰዓት በላይ አልፏል። ጁን 13 ቀን አረፈ።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል በይፋ የታገደ የቡድኑ ሠራተኛ አልነበረም። ኦገስት 10 ቀን የስፖርት ጣቢያው ኢኤስፒኤን በቡድኑ ውስጥ ተጫዋቾች እንደሚሰደቡና እንደሚዋረዱ ሲዘግብ ግን፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ የአካል ብቃት አሠልጣኙ፣ ወጌሾቹና ዋናው አሠልጣኝ ዲጄ ዱርኪን ከሥራ እንዲርቁ ተደረገ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ልጁ የሞተው በጁን፣ ሰዎቹ የታገዱት ጋዜጠኛ ሲጽፍ!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ስንብቱ ነው። የአካል ብቃት አሠልጣኙ ሪክ ኮርት ሥራውን ሲለቅ 315,000 ዶላር እንዲከፈለው ስምምነት ተፈረመ። ዱርኪንን የዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድ ኦክቶበር 30 ቀን ወደ ሥራው እንዲመለስ ወሰነለት፤ ተማሪውና ወላጁ ቁጣውን ሲያሰማ በማግስቱ ፕሬዚዳንቱ ዋላስ ሎህ አሰናበቱት። በጥፋት የተሰናበተ ስላልሆነ ግን ውሉ 5.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያስገኝለት ነበር። የጆርዳን ወላጆች በ2021 የተስማሙበት ካሳ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ ስመለከት እጅ እግሬ ይቆረጣል። ዱርኪን ከዚያ ወዲህም በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ማሠልጠኑን ቀጥሏል።

ሰው ሳይሰማ ይባረር አልልም። የቡድኑን አያያዝ እንዲመረምር የተቋቋመው ኮሚሽን ራሱ የቡድኑን ባህል «መርዛማ» ብሎ አልፈረጀውም፤ ያገኘው ነገር ግን ለእኔ ከዚያ አይተናነስም፤ ተጫዋቾቹ መናገር ይፈሩ ነበር። ስኮላርሺፑ፣ የመሰለፍ ዕድሉ፣ የነገ እንጀራው በአሠልጣኙ እጅ ያለ የ19 ዓመት ልጅ «አልቻልኩም» ለማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚፈልግ አስቡት። ስለዚህ ልጁ እስኪናገር መጠበቅ አይቻልም። በልምምድ ላይ ተጫዋች ሆስፒታል የገባ ዕለት የሚመለከታቸው ሠራተኞች ደመወዛቸው ሳይቋረጥ ይታገዱ፤ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ጥቅም የማይጋራ አካል ያጣራ፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይውጣ። ንጹሕ የሆነው ስሙ ነጽቶ ይመለስ። የተጫዋችን ጤና ቸል ያለው ደግሞ ውሉ ያለ ምንም ክፍያ ይቋረጥ፤ ይህም ሲቀጠር ጀምሮ በጽሑፍ ይስፈር። ወጌሻውም ልምምድ አስቁም ብሎ የማዘዝ ሥልጣን ይኑረው፤ እንጀራው በዋናው አሠልጣኝ ፈቃድ የሚያድር ወጌሻ ታማሚውን ትቶ የአለቃውን ፊት ማየቱ አይቀርም።

የሜሪላንድ ምክር ቤት በ2021 በጆርዳን ስም ሕግ አውጥቷል፤ ዩኒቨርሲቲዎች ለሙቀት ሕመምና ለጭንቅላት ጉዳት መመሪያ እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ነው። ይበል ያሰኛል። ነገር ግን መመሪያውን የጣሰ ሰው ጉርሻ ተሰጥቶት የሚሸኝ ከሆነ ወረቀቱ የማንንም ልጅ አያድንም።

አሠልጣኝ ተጫዋች ሲመለምል ቤት ድረስ ይመጣል። ሳሎን ይቀመጣል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ «ልጃችሁን እንደ ልጄ አየዋለሁ» ይላል። የእኛ እናቶችም ቡና ቀድተው «አደራ» ይሉታል። አደራ ካሉት በኋላ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፤ ልጄ ሜዳ ላይ ሲወድቅ ልምምዱን የሚያስቆመው ማን ነው? ሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ የአሠልጣኙን ውል ማንም ሰው ጠይቆ ማንበብ ይችላል። ልጃችሁ ከመፈረሙ በፊት ያን ውል አስመጡና ስለ ስንብት የሚያወራውን አንቀጽ አብራችሁት አንብቡ።